ሴኞር ለወንድሜ ያስተማሩት ጨዋታ

ባለፈው እሑድ ልጆቼ ሳሎን ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ፣ እኔ ደግሞ ከማድረቂያው ያወጣሁትን ልብስ አጥፋለሁ። አንድ ስፔናዊ ኳስ ተጫዋች ጫማውን ሊሰቅል ሕዝቡን የሚሰናበትበት ቀን ነበር። ስታዲየሙ ሙሉ ተነሥቶ ያጨበጭባል። ሰውየው ልጆቹን ግራና ቀኝ ይዞ ሜዳውን እየዞረ ያለቅሳል። ቀና ብል ትልቋ ልጄ ሄለንም አብራው ታለቅሳለች።

«ምነው? ማን ሞተ?» አልኳት። እኔ ሰው ሲያለቅስ ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሞት ነው።

«ኖ፣ ማሚ፣ ሪታየር እያደረገ ነው እኮ!» አለችኝ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ሶ ናይስ ሰው ነው። በጨዋታ ሰው ጎድቶ አያውቅም።»

እኔ በሕይወቴ የማውቃቸው ጡረታ የወጡ ስፔናዊ ኳስ ተጫዋች አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ለእሳቸው ማንም ቆሞ አላጨበጨበም። ስማቸውን አልጽፍም፣ ልጃቸው ምናልባት እዚሁ አካባቢ ትኖር ይሆናል። እኔ «ሴኞር»፣ በእነሱ ቋንቋ «ጌታዬ»፣ ነበር የምላቸው፣ አሁንም እንደዚያው ልበላቸው።

እኔና ወንድሜ ኤርሚያስ ወደዚህ አገር የመጣነው አባታችን በዲቪ ቀድሞን መጥቶ ካስመጣን በኋላ ነው። እኔ ሀያ ዓመት ሊሞላኝ ነበር፣ እሱ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን የመጣን ቀን ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘ ደለስ ከሚባለው የአሜሪካ ዋና ከተማ ኤርፖርት የተቀበለን ሳምሶን የሚባል የጎረቤታችን የእህት ልጅ ነው። ሳሚ እዚያው ኤርፖርት ሻንጣ የሚጎትተውን መኪና ይነዳል፣ የሚኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። ያን ቀን የራሱን ጃኬት አውልቆ ለእኔ አለበሰኝ። በኋላም ኤርሚያስን በአንድ ቤተ ክርስቲያን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እያዞረ መንዳት ያስተማረው እሱ ነው። ኤርሚ ፍሬን በረገጠ ቁጥር ሳሚ ግንባሩ መስታወቱን የመታ መስሎ «ኧረ እናቴን!» እያለ ይጮኻል፣ እኔ ከኋላ ቀበቶዬን ይዤ እስቃለሁ።

እኔ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፣ እናታችን ስትታመም ቤት ቀርቼ አስታመምኳት። ስለዚህ እዚህ ስመጣ የማውቀው ሥራ ማስታመም ብቻ ነበር። ሆም ኬር በሚሉት፣ ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ በሚያስታምም ኤጀንሲ ተቀጠርኩና አሌክሳንድሪያ አንድ ሽማግሌ ቤት መደቡኝ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር ይዤ፣ ከባቡር ወርጄ አውቶቡስ እይዛለሁ። በየፌርማታው ቦርሳዬን እየነካካሁ፣ ያለፍኩ እየመሰለኝ ሹፌሩን እየጠየቅኩ እሄዳለሁ። እንዲህ ነኝ፣ ያኔም አሁንም።

ሴኞር ረጅም ሰው ነበሩ፣ ግን ዳሌያቸው ተበላሽቶ በብረት መደገፊያ ነው የሚሄዱት። ልጃቸው ጠዋት ወደ ቢሮዋ ስትወጣ እኔ እገባለሁ። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ነበር፣ የእሳቸውም ከእኔ አይሻልም። ሁለታችንም ቃል ስለሌለን አንድ ነገር ለመናገር እጅ፣ ዓይንና ድስት እንጠቀም ነበር፣ እንዲያውም ከልጃቸው ይልቅ ከእኔ ጋር ይግባባሉ። ቁርሳቸው የተጠበሰ ዳቦ ነው። ዳቦው ላይ ነጭ ሽንኩርት ይታሻል፣ ከዚያ ቲማቲም ይታሻል፣ ከዚያ የወይራ ዘይት።

«ዘይቱን እንደ መድኃኒት አታንጠባጥቢው!» ይሉኛል። «የታመመ አለ እንዴ?»

«እርስዎ ነዎት» እላለሁ።

«እኔ አልታመምኩም። አርጅቻለሁ። ጨምሪ።»

ታሪካቸው የሚወጣው እግራቸው ሲታጠብ ነው። ቅልጥማቸው ከላይ እስከ ታች ጠባሳ ነበር፣ መጥረቢያ ሲሞከርበት የኖረ ግንድ ይመስላል። ለብ ባለ ውሃ ሳጥባቸው እያንዳንዱን ጠባሳ በጣታቸው እየነኩ ይነግሩኛል። የተወለዱት ወደብ ነው፣ አባታቸው ከጀልባ ዓሣ የሚያወርድ ሠራተኛ ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው የከተማው ቡድን ወሰዳቸው። ከዚያ ሁለተኛ ዲቪዚዮን፣ ከዚያ ለተወሰኑ ዓመታት ትልቁ ዲቪዚዮን። ተከላካይ ነበሩ።

«ጎል አግብተዋል?» ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ቀን።

«እኔ ጎል እንዳገባ አልተቀጠርኩም። የሚያገባውን እንዳስቆም ነው የተቀጠርኩት። ጋዜጣው 'መጋዝ' ይለኝ ነበር።» ይህን ሲሉ ደስ ብሏቸው ነው።

ስለ አንድ ልጅም ነገሩኝ። አዲስ የመጣ፣ ፀጉሩ ረጅም፣ ሕዝቡ ስሙን የሚዘፍንለት ልጅ። «ሁለት ጊዜ አለፈኝ» አሉ። «ሦስተኛ አላለፈኝም።»

«ከዚያስ?»

«አሁን ሱቅ አለው አሉ።»

«እግሩስ?»

«ሱቅ ለመቆም ይበቃዋል።»

እግራቸውን ይዤ ቀና ብዬ አየኋቸው። እየቀለዱ መስሎኝ ነበር። ግን ፎጣ ነው የጠየቁኝ።

የእሳቸውም መጨረሻ አላማረም። አንድ የነሐሴ ጠዋት ልምምድ ሲሄዱ የቡድኑን ልብስ የሚያጥበው ሰውዬ በር ላይ ጠበቃቸው። ጫማቸውን በፌስታል አድርጎ ሰጣቸውና «ይሄን ስጠው ብለውኛል» አለ። በቃ። ማንም አልወጣም፣ ማንም አልተናገራቸውም። ዳቦ ቤት ሠሩ፣ መጋዘን ጠበቁ፣ ሚስታቸው ስትሞት ልጃቸው ወደዚህ አመጣቻቸው። ይህን ሲነግሩኝም አላዘኑም። «ትክክል ናቸው» አሉ። «እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው።»

አሁን ወደ ወንድሜ ልመለስ።

ኤርሚያስ ያን ጊዜ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ምድር ቤት ነበር የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አያይም፣ ቀኑን ሙሉ ስሙን የሚጠራው የለም። የሱ ሕይወት ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሲልቨር ስፕሪንግ አበሾች ኳስ ይጫወታሉ፣ እሱ ተከላካይ ነው። በየሐምሌው ከመላው አሜሪካ ያሉ የሐበሻ ቡድኖች የሚገናኙበት ውድድር አለ፣ የእሱ ሕልም ለዚያ መመረጥ ብቻ ነበር። ችግሩ ወንድሜ ለስላሳ ነው። ሰው ገፍቶ ኳስ አይቀማም፣ ከነካ እንኳ ይቅርታ ይጠይቃል። ስለዚህ «እርጎ» አሉት። ፉገራ ነው፣ የአዲስ አበባ ልጅ ጓደኛውን ካልፎገረ የወደደው አይመስለውም። ግን በየሳምንቱ እርጎ የተባለ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚመስል እኔ ነኝ የማየው። ራቱን ሳይበላ ግድግዳ እያየ ይቀመጣል።

አሠልጣኙ ጋሽ ታዬ የሚባሉ ትልቅ ሰው ነበሩ። በሰኔ መጀመሪያ ሁሉም በተሰበሰበበት እንዲህ አሉት፦ «የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ ከአሌክሳንድሪያ ጋር ነን። ሳምሶንን አንተ ነህ የምትይዘው። ካስቆምከው ለሐምሌ ትሄዳለህ። ካለፈህ፣ ውሃ ይዘህ ትከተለናለህ።»

ሰዉ ሳቀ። ሳሚ የአሌክሳንድሪያ አጥቂ ነበር፣ እሱን ማንም አስቁሞት አያውቅም።

ኤርሚያስ ሥራው ቀደም ብሎ ሲያልቅ በመኪና እየመጣ ይወስደኝ ነበር። መጀመሪያ የመጣ ቀን ሴኞርን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «አባባ» አላቸው። ትርጉሙን ሲነግራቸው ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አዩት። በዚያ ቤት ለእሳቸው ብድግ የሚል ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር «ያ ልጅ ይቀመጥ» ይላሉ፣ እኔ የመጨረሻ ሥራዬን እስክጨርስ ስለ ኳስ ያወራሉ። የእሱ እንግሊዝኛ ከእኔ በጣም ይሻላል።

ጋሽ ታዬ በተናገሩ በሳምንቱ ወንድሜ ጭንቀቱን ነገራቸው። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ብርቱካን እልጣለሁ። ድምፃቸው ይሰማኛል።

«ኳሱን አትይ» አሉት። «ኳስ አይሰበርም። የምታየው እግሩን ነው፣ የሚቆምበትን፣ ክብደቱ ያለበትን።»

ብድግ ሲሉ ሰማሁ። ብረት መደገፊያቸውን መሬት ላይ እያንኳኩ ያሳዩታል። «ዳኛው ከጀርባህ ሲሆን። ኳሱን በጫማህ ጫፍ ነካ ታደርገዋለህ፣ እግርህ ግን እዚያ አይቆምም፣ ይቀጥላል። ከዚያ አንተም ትወድቃለህ። ወድቀህ ትጮኻለህ። ዳኛ የሚያምነው ቀድሞ የጮኸውን ነው።»

«አባባ፣ ሰውየው ጓደኛዬ ነው» አለ ወንድሜ።

«ቅዳሜ ጠዋት ጓደኛ የለህም። ከሰዓት በኋላ ይኖርሃል።»

«እሺ አባባ።»

ቢላዋዬን አስቀምጬ ወጣሁ። ኤርሚያስ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ቄስ ፊት የቆመ ይመስላል።

መኪና ውስጥ ለመንኩት። «አንተ፣ ሰውየው ክፉ ናቸው። የሚነግሩኝን ብትሰማ። ዝም ብለህ እሺ በልና እርሳው።»

«ትልቅ ሰው እኮ ናቸው፣ ዓለም። ሙሉ ዕድሜያቸውን የተጫወቱ ሰው ሥራዬ ብለው ተቀምጠው ሲመክሩኝ ምን ልበል?»

«እምቢ በላ!»

«ለሽማግሌ?» አለኝ፣ ነውር የተናገርኩ ያህል።

ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። የአገራቸው ልጅ ቢሆን ኖሮ «ተወኝ እስቲ፣ አንተ ሽማግሌ» ብሎ ስቆ ይወጣ ነበር፣ እሳቸውም ይስቁ ነበር። ምናልባት የለመዱት ያንን ነው። እኛ ግን ፀጉሩ የሸበተ ሰው አፍ የሚወጣ ሁሉ ምክር ነው ተብለን ያደግን ልጆች ነን። ሽበት ያለው ክፉ ሰው ሊኖር እንደሚችል ማንም አልነገረንም።

ቅዳሜው ደረሰ። ሴኞር ካልወሰድሽኝ አሉኝ፣ ልጃቸውም ቅዳሜዋን ስላገኘች ደስ ብሏት ራሷ ሜዳው ድረስ አድርሳን ሄደች። ሙቀቱ ከጠዋቱ ጀምሮ ሰው ላይ እንደ እርጥብ ፎጣ ተጠምጥሟል። የታጨደ ሣር ይሸታል፣ ከሰል ይሸታል፤ የተሸነፈ ቡድን ለአሸናፊው ሥጋ የመጥበስ ልማድ ስለነበረ እሳቱ ገና ከመጀመሩ ይቀጣጠላል። ሴኞርን ዛፍ ጥላ ሥር በሚታጠፍ ወንበር አስቀመጥኳቸው። ሽማግሌ ስለሆኑ ሰዉ ሁሉ እያለፈ ጎንበስ ይልላቸዋል። አንዷ ሴት ለጀርባቸው ትራስ አመጣች። እንደዚያ ቀን ፊታቸው ሲበራ አይቼ አላውቅም።

ሳሚ ገና ሳይጀመር እየሮጠ መጥቶ ሦስቴ ሳመኝ። «ዓለምዬ፣ ዛሬ ወንድምሽን ሰርከስ ነው የማሠራው፣ እንዳትቀየሚኝ!» አለና የሴኞርንም እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ከዚያ እየዘለለ ወደ ሜዳው ተመለሰ።

ሴኞር እየሄደ አዩት። «እሱ ነው?»

«አዎ።»

«የሚቆምበት ግራው ነው» አሉ።

ወንድሜን ልጠራው ወደ መስመሩ ሄድኩ፣ «ኤርሚ! ኤርሚ!» አልኩ፣ ግን ጨዋታው ተጀመረ፣ የእኔም ድምፅ ከሌላው ጩኸት ጋር ተቀላቀለ።

«እርጎ፣ ዛሬም እንዳትፈስ!» ይላል አንዱ።

«ኤርሚ፣ ሳሚ ሲያልፍህ ሰላም በልልኝ!» ይላል ሌላው።

ሳሚ አንድ ጊዜ አለፈው። ኳሷን በእግሮቹ መሀል አሾልኮ፣ ዞሮ ወሰዳት። ሰዉ በሳቅ ተንከተከተ። ሁለተኛ ጊዜ ሲያልፈው ሳሚ ራሱ ዞር ብሎ ምላሱን አወጣበት፤ ኤርሚያስም ፈገግ አለ፣ እንደ ወንድማማች። ያን ፈገግታ ሳይ ትንሽ ተነፈስኩ።

«እርጎ ፈሰሰ! እርጎ ፈሰሰ!» ጋሽ ታዬም ከመስመር ላይ ሆነው፣ «አንድ ጊዜ ደግሞ ይለፍህና ጫማህን አውልቀህ ወደ ውሃው!» ብለው ጮኹ።

ወንድሜ ዘወር ብሎ ዛፉን አየ። እኔን አልነበረም ያየው።

ሳሚ ሦስተኛ መጣ። ዳኛው ከኤርሚያስ ጀርባ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ድምፁን ነው የማስታውሰው። ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር እንዲያ ይላል። ወዲያው ደግሞ የወንድሜ ጩኸት ተከተለ፣ መሬት ላይ እየተንከባለለ፣ እግሩን ይዞ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ሮጠ። ወደ ኤርሚያስ። ውሃ አፈሰሱበት፣ ጫማውን ፈቱለት፣ «አይዞህ ኤርሚ፣ አይዞህ» እያሉ ከበቡት። ዳኛው ለእኛ ቅጣት ምት ሰጠ። ሳሚ ጥቂት እርምጃ ወዲያ ብቻውን ተጋድሟል፣ ሣር ነጭቶ በጡጫው ይዟል፣ ድምፅ የለውም። መጀመሪያ አጠገቡ የደረስኩት እኔ ነኝ። እግሩ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

«ኤርሚ ደህና ነው?» አለኝ።

አምቡላንስ መጣ። ኤርሚያስ ሲያዩት ምንም አልሆነም። ሥጋው እሳት ላይ አረረ፣ ማንም አልበላም።

ሴኞርን ልጃቸው እስክትመጣ ጠበቅኩ። «ተሰበረ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ግራው?»

«አዎ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቅር እንዳላቸው ሰው ከንፈራቸውን አጣመሙ። «ጩኸቱን አበዛው» አሉ። «አጠር ማድረግ ነበረበት። ግን ይማራል።»

ሰኞ ኤጀንሲው ዘንድ ሄጄ ሌላ ሰው እንዲመድቡልኝ ለመንኩ፣ ግሪንቤልት የሚኖሩ አልጋ የያዙ ሴት ሰጡኝ። ከወራት በኋላ የሴኞር ልጅ ኮል አደረገችልኝ። አባቷ አንድ ነገር እየደጋገሙ ይጠይቃሉ፣ ማንን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። «ያ ጨዋ ልጅ ለምን አይመጣም?» እያሉ ነው። በዚያው የብርድ ወራት ሞቱ ሲባል ሰማሁ። ማን ቀበራቸው፣ ማን አለቀሰላቸው፣ አላውቅም። ያን ሁሉ ጠባሳ አጥቤያለሁና አንድ ሻማ አበራሁላቸው። ሻማው እየነደደም ይቅር አላልኳቸውም።

ወንድሜ ለሐምሌው ውድድር ተመረጠ። ሄደ፣ ተጫወተ። ማንም አላለፈውም፣ ወሬው ቀድሞት ስለነበር አጥቂዎቹ ወደ እሱ አይቀርቡም ነበር። እርጎ የሚለውም ጠፋ። ከዚያ ሲመለስ ጫማውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተ፣ እስከ ዛሬ ኳስ አልነካም። ምን እንዳደረገ አንድ ቀን ብቻ፣ ለእኔ ብቻ ነገረኝ። ሳላውቅ የቀረሁ መስሎት ነው።

ሳሚ ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ኤርፖርት የነበረው ሥራ ቀረ፣ አሁን ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው ያለው፣ ደረጃ ሲወጣ ግራ እግሩን በእጁ አንሥቶ ነው የሚያስቀምጠው። ሁሉም ሰው አደጋ ነው አለ፤ እሱም አደጋ ነው ብሎ ተቀበለ። እንዲያውም ወንድሜ እሱ በተኛበት ጊዜ በየቀኑ ሆስፒታል እየሄደ ስላስታመመው፣ የመጀመሪያ ልጁ ሲወለድ የክርስትና አባት ያደረገው ኤርሚያስን ነው። ስለዚህ በየዓመቱ የልጁ ልደት ሲከበር አሌክሳንድሪያ ሳሚ ቤት እንሰበሰባለን።

የዘንድሮው ባለፈው ወር ነበር። በልተን ጠጥተን፣ ልጆቹ ኬክ ፊታቸው ላይ ተቀባብተው፣ ሳሚ እንደ ልማዱ እያነከሰ ከወጥ ቤት መጣና ወንድሜ አጠገብ ተቀመጠ። እጁን ትከሻው ላይ ጣለ። ምን እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን፣ በየዓመቱ ነው።

«እስቲ በእናትህ ዛሬ እውነቱን ንገረኝ» አለ ጮክ ብሎ። «ሆን ብለህ ነው አይደል የሰበርከኝ?»

«አዎ» አለ ወንድሜ። «ሆን ብዬ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የሳሚ ሚስት ሆዷን ይዛ፣ ልጆቼ ጠረጴዛ እየደበደቡ፣ ሄለን «አጎቴ ሶ ፈኒ!» እያለች። ሳሚ ራሱ እንባው እስኪወርድ ሳቀና የወንድሜን ግንባር ሳመው። ኤርሚያስም ሳቀ። እኔ ሳህን ላነሳ ብድግ አልኩ።

ወንድሜ የሚኖረው እኛው ሕንፃ ውስጥ ስለሆነ አብረን ነው የምንመለሰው። የወንዙን ድልድይ አለፍን። ልጆቹ ከኋላ ተኝተዋል። ከዚያ፣ «አየሽ፣ ነገርኩት እኮ» አለኝ።

«ነግረኸዋል» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ብዙ ዓመት ያስጨነቀኝ ሳሚ እውነቱን ያወቀ ቀን ምን ይሆናል የሚል ነበር። አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ዘንድሮ ሳህኑን ይዤ ቆሜ፣ ሲስቅ የሳሚን ዓይን አየሁት። አፉ ይስቃል፣ እንባው ይወርዳል፣ ዓይኑ ግን የወንድሜን ፊት ነበር የሚያጠናው፣ እያንዳንዱን ነገር፣ ቀስ ብሎ። ካላወቀ፣ በየዓመቱ በሰው ፊት ለምን ይጠይቀዋል? ካወቀ ደግሞ፣ ይህ ሁሉ መሳም፣ ይህ ሁሉ ክርስትና፣ ይህ ሁሉ ግብዣ ወንድሜ እየሳቀ እንዲናዘዝ፣ ማንም ደግሞ እንዳያምነው የተዘጋጀ ነው ማለት ነው። በሰው ፊት፣ ሳይታወቅ መጉዳትን ያን ቀን ዛፉ ሥር ከተቀመጡት ሽማግሌ የተማረው ወንድሜ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።